ያልቀመስኩት ግራሶ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ጋቢ ሸለሙኝ። ሰመራ ላይ! ጥላ ሥር ቆሞ እንኳ ላብ በሚያንጠፈጥፍ አገር፣ ዕድሜውን ምድጃ ፊት ለጨረሰ ሰው፣ ጋቢ። ኃላፊው ትከሻዬ ላይ ሲጥልልኝ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም እንደ ደንቡ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ደብዳቤውን ፈርሜ ቁልፍ ካስረከብኩ በኋላ ቤተ ሙከራዬን ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ ብገባ፣ ምድጃው ላይ የተሰበሩ ወንበሮች ተከምረውበታል። ክፍሉ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ወንበሮቹን አንስቼ ምድጃውን ልከፍተው አሰብኩና ተውኩት።

ሰዎች "ዶክተር፣ የሥራ ዘመንህን ጻፍ እንጂ፤ ለትውልድ ይጠቅማል" ይሉኛል። ለትውልድ ስለመጥቀሙ አላውቅም። እኔ የምጽፈው አንድ ሰው ስለሞተና ከሞተ በኋላ ስሙን ስላበላሸሁበት ነው። ሌላው ሁሉ፣ ትምህርቱም፣ ያሳተምኳቸው ወረቀቶችም፣ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ሆኖ ነው የሚታየኝ። የሟቹ ስም ሁሴን ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ጓደኛዬም ነበር።

ሥራዬ ግራሶ ነበር። በወረቀት ላይ "የካርቦን ቁሶችና የማለስለሻ ቅባቶች ተመራማሪ" ይለኛል። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ "ሰይድዬ ግራሶ ነው የተማረው" እያለች ነበር ለጎረቤት የምታስረዳው፤ ከእኔ ማዕረግ የእሷ ለእውነቱ ይቀርባል። ብረት ብረትን እየፈተገ ሲዞር ይግላል፣ ይበላላል፣ በመጨረሻም ይነካከሳል። ሁለቱን የሚገላግላቸው በመሃል ያለች ስስ ቅባት ናት። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ መኪና ሁሉ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ይህች ቅባት አለች። እሷ ከከዳች መኪናውም ሰውየውም የሉም።

የተወለድኩት አዋሽ ነው። አባቴ ከወሎ ወርዶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ከሱቃችን ቀጥሎ የጋሽ ወልዴ ጋራዥ ነበር፤ በወጣትነቱ የባቡር ጎማ ቅባት ሲያጠጣ ኖሮ፣ ኋላ በራሱ እጅ ግራሶ እያበሰለ ለመኪና የሚሸጥ ቀጭን ሰውዬ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ "ሱቅ ውስጥ ከረሜላ ከምትጨርስ እዚያ ሄደህ ተላላክ" ብሎ ለእሱ ሰጠኝ። ሙያውን ሁሉ ያስተማረኝ ጋሽ ወልዴ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እሱ የሚያደርገውን ነገር ስሙን ለማወቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ሞራውን በግማሽ በርሜል ያቀልጠዋል። ኖራ በውሃ ይበጠብጥና በቀስታ ይጨምርበታል። ሲወፍር ደግሞ ዘይት እያንጠባጠበ ያማስላል፤ ማማሰያውን ለሰው አይሰጥም። ሲበርድለት ከበርሜሉ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ይቆነጥራል። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሻታል፣ ያሸታታል። ከዚያ ፊት ጥርሱ መሃል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ ብሎ ይነክሳታል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትኖርበት ትሰማዋለች። በምላሱም ኮምጣጤነቱን፣ ኖራነቱን፣ ጨውነቱን ይለያል። ከዚያ ይተፋና አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ "ይውጣ" ወይም "ይደፋ" ይላል። ሦስተኛ ቃል አልነበረውም። ከመላ ሰውነቱ ጤነኛው ጥርሱ ነበር፤ አንድም አልወለቀም።

"ዓይን ይሸነገላል፣ ጣትም ይሸነገላል" ይለኝ ነበር። "ጥርስ ግን አይሸነገልም። በእንጀራህ ውስጥ ጠጠር ስታገኝ ማን ነገረህ?"

ነገሩ የሚያስቸግረው በሃይማኖት በኩል ነበር። ሞራው የክርስቲያን እርድ ከሆነ የሚቀምሰው እሱ ነው። የእስላም እርድ ወይም የግመል ከሆነ ግን "ና አንተ፣ የናንተ ነው" ብሎ ይጠራኛል፤ ተተፍቶ ለሚወጣ ነገር! ሁዳዴ ሲገባ የሞራ ነገር በከንፈሩም አይደርስም፤ መቅመሱ በሙሉ የእኔ ይሆናል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ እኔ ምራቄን እንኳ ስጠነቀቅ፣ እሱ የኔን ተራ ይይዝልኛል። የግመል ሲገጥመውማ "እመቤቴ ትማረኝ፣ ለመኪና ብዬ ነው" እያለ ፊቱን አጨማዶ ይነክሰው ነበር። አንድ ዓመት ሁለቱ ጾም ገጠመ። አንድ ሾፌር ቀን ሙሉ ደጅ ላይ ቆሞ ሲነጫነጭ፣ ጋሽ ወልዴ ወንበር ስቦ ጎኔ ተቀመጠና አዛኑን አብሮኝ ጠበቀ። አዛን ሲል ቴምር በልቼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ተጉመጥምጬ ነከስኩት። "ይውጣ" አልኩ። ሾፌሩ እየተሳደበ ሄደ።

"መኪና ይቆማል" አለኝ ጋሽ ወልዴ። "ሳይቀመስ ግራሶ ከዚህ በር አይወጣም።"

እሱ ሲሞት እኔ ባሕር ማዶ ለዶክትሬት እማር ነበር። ነገሩን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ቀን ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ፈረንጆቹ ዘመድ የሞተብኝ መስሏቸው ነበር። አልተሳሳቱም።

ስመለስ መጀመሪያ የተመደብኩት መልካ ወረር አካባቢ ጥጥ እርሻ ላይ ነው፤ የውሃ ፓምፖችና የጥጥ መዳመጫ ማሽኖች ቅባት እንድቆጣጠር። አለቃዬ ቅባት በጠየቅኩት ቁጥር "ባለፈው ወር ሰጥቼህ የለም እንዴ?" የሚል ሰው ነበር፤ ማሽን ይበላል ብሎ አያምንም። እዚያ ያየሁትን ግን አልረሳውም። መስኖ የጠጣው መሬት ጨው እየተፋ፣ ጠዋት ስትነሳ በረዶ የጣለበት ይመስላል። ጥጡ አልበቅል ሲል ማሳው ይተውና፣ ፕሮሶፒስ የሚሉት፣ አፋሮቹ ደርጊ ሃራ ብለው የሚረግሙት እሾሃም ዛፍ ይወርሰዋል። ግጦሹን ጨረሰው፣ የከብቱን እግር ወጋ፣ ውሃውን ጠጣ። ቆርጠው ከሰል ከማክሰል በቀር ማንም መላ አላገኘለትም።

እኔ ደግሞ ካርቦን ነበር የተማርኩት። ከሰልና የእርሳስ እምብርት አንድ ነገር ናቸው፤ የሚለዩት በአደራደር ብቻ ነው። ከሰል ውስጥ ዝብርቅርቁ የወጣው ካርቦን፣ እርሳስ ውስጥ ግን እንደ ካርታ መጫወቻ ወረቀት ተደራርቦ የተኛ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል፤ ለዚያ ነው የሚያለሰልሰው። ሙቀትም አይበግረውም። ያን የተረገመ ዛፍ ወደዚያ ብቀይረው፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ እንደ ቅቤ እየቀለጠ ከሚፈሰው ግራሶ ጋር ባዋህደው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ ማግባትም እንኳ ያለፈኝ በዚያ ምክንያት ነው።

ሰመራ ላይ ትንሽ የምርምር ክፍል ሲከፈት ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነው፤ ምድጃ ግን ነበረው። የዛፉን ፍልጥ የብረት ጨው ባለበት ውሃ ዘፍዝፎ፣ አድርቆ፣ አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ ብረት እስኪቀላ ማቃጠል ነው ሥራው። ሲወጣ ጥቁረቱ ወደ ብርማ ግራጫ ይለወጣል። የመጀመሪያው የተሳካልኝ ቀን በጣቴ ወረቀት ላይ ብቀባው አብረቀረቀ፤ ደስታዬን የምነግረው ሰው ባጣ ለጥበቃው አሳየሁት። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እጥበት ነው። ዛፉ የበቀለው ጨዋማ መሬት ላይ ስለሆነ ጨውን በሥሩ ስቦ አስቀምጧል፤ ብረቱም አመዱም መውጣት አለበት። በተጣራ ውሃ ሰባት ጊዜ እናጥበዋለን። ብልሃቱ ምድጃው ውስጥ ይመስላል እንጂ ያለው ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነው። የጨው መለኪያው መሣሪያ ከተበላሸ ወራት ቢያልፉትም ለጥገና አልሯሯጥኩም። በጥርሴ እተማመን ነበርና። ዶክተር ከሆንኩ በኋላም ሰው ሳያየኝ በር ዘግቼ እነክስ ነበር።

ሁሴን ይማምን ያገኘሁት በዚያ ጊዜ ነው። እሱም የወሎ ልጅ ነው፤ ሚስቱ ዘይነባ ገዋኔ ላይ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራት። ወደ ወደብ ባዶውን ሲሄድ ከመልካ ወረር ፍልጥ እየጫነ ያመጣልኝ ነበር፤ "ለሳይንስ" እያለ። ሳቂታ፣ ጠንቃቃ፣ መኪናውን እንደ ልጁ የሚያይ ሰው ነበር። ግራሶውን የመጀመሪያ ቀን ሳሳየው በጣቱ ነካ አድርጎ አየው።

"ሰይዶ፣ ይሄ ግራሶ ነው ወይስ ኩል?" አለኝ።

"ለመኪናህ ኩል ነው።"

"እንግዲያው ወላሂ መጀመሪያ የምትኳለው የኔዋ ናት። ሌላ ሰው እንዳትቀድምብኝ!"

ኃላፊያችን በበኩሉ ወረቀት ሰልችቶት ነበር። "ዶክተር፣ መንገድ ላይ የወጣ ነገር አሳየኝ" ይለኝ ነበር በየስብሰባው። ሦስት መኪናዎች ላይ ልንሞክር ተስማማን። ረመዳን ነበር።

በዚያ ሳምንት መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፤ ውሃ ማጣሪያችን ቆመ። የመጨረሻው ካርቦን ስድስት ጊዜ ታጥቦ አንድ ቀርቶታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትረዳኝ ፋጡማ የምትባል የአፋር ልጅ ነበረች፤ እጇ የረጋ፣ ምላሷ ቀጥ ያለ። ታንከር የሚያመጣልንን ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ በባልዲ ይዛ በር ላይ ቆመች።

"ዶክተር፣ ያለን ይሄ ብቻ ነው። ይሄ ውሃ እኮ ሻይ እንኳ አይወጣለትም።"

"ለማለቅለቅ ብቻ ነው።"

"የተጣራው እስኪመጣ ለምን አንጠብቅም?"

"ነገ ሁሴን ይመጣል። ኃላፊውም ይመጣል። አለቅልቂው።"

ባልዲውን ይዛ ገባች። ከዚያ ያዘዝኳትን ሠራች።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግራሶው ደርሶ ነበር። ሁሴን መኪናውን አቁሞ የፊት ጎማውን አውልቋል። እኔ ከጣሳው ቆንጥሬ በጣቴ አሸሁት፤ ሐር ነው። ወደ አፌ አነሳሁትና ጾመኛ መሆኔን አስታወስኩ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ፋጡማ ጿሚ ናት። ሁሴን ጿሚ ነው። በዚያ ግቢ የማይጾመው ጥበቃው ብቻ ነበር፤ ከወላይታ የመጣ ሽማግሌ፣ በር ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል። ልጠራው አሰብኩ። ኃላፊው አጠገቤ ቆሟል። "ጋሼ፣ ይህን ግራሶ ቅመሱልኝ" ማለት፣ ለዶክተር፣ በሰው ፊት፣ አሳፈረኝ።

ወላሂ ሳልቀምሰው የቀረሁት በዚህ ነው፤ በኀፍረት። ለችግር ቀምሶ መትፋት ጾም እንደማያፈርስ ኋላ አንድ ሼህ ነግረውኛል፤ ያኔም ሳላውቀው አልቀርም። ለመግሪብ የቀረውም ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

"ሁሴን፣ ካፈጠርን በኋላ ብትሄድስ?" አልኩት።

"አቦ ሰይዶ! ለመግሪብ ዲቾቶ መድረስ አለብኝ፤ ሰው ይጠብቀኛል። ምን ቀረው?"

"ምንም" አልኩ። "ምንም አልቀረውም።"

የግራውን የፊት ኩሽኔታ በገዛ እጄ ሞላሁት። ሁሴን አቅፎኝ ሄደ።

ሁለት ወር ሙሉ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሁሴን ከየመንገዱ ይደውላል። "እጄን ጎማው መሃል ላይ አስቀምጬ ነው የማወራህ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ማሻአላህ!" ኃላፊው ለበላይ ሪፖርት ጻፈ። እኔም ሌላ ጣሳ፣ ከዚያው ካርቦን፣ እያዘጋጀሁ ነበር። ጨው ደረቅ አገር ላይ ይተኛል፤ ወደብ ሲደርስ የባሕሩን እርጥበት ይጠጣና ይነቃል። ይህን ማንኛውም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ጨው ኩሽኔታውን ከውስጥ ሲበላ እኔ ስልክ ላይ እስቅ ነበር።

ለዐረፋ ረዳቱ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ስለነበር ሁሴን ብቻውን ነበር። ማዳበሪያ ጭኖ ከወደብ ሲመለስ፣ ሚሌን አልፎ አዳይቱ ሳይደርስ፣ በጠራራ ፀሐይ የግራ የፊት ጎማው ወልቆ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ቤቱ ሊደርስ ያን ያህል አልቀረውም ነበር። ስልኩ ላይ ቁጥሬን ያገኙ ሰዎች ደወሉልኝ።

ስደርስ ሬሳውን ወስደውታል። መኪናው በጎኑ ተኝቶ፣ ማዳበሪያው ቋጥኙ ላይ ነጭ ሆኖ ፈስሷል። ጎማው የወለቀበትን ቦታ አየሁት። ኩሽኔታው ተሰባብሯል፤ በተረፈው ብረት ላይ ቡናማ ጉድጓዶች፣ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስላል። ግራሶውን በጣቴ ጠርጌ ጥርሴ መሃል አደረግኩት። ጨው ነበር። እዚያው ተንበርክኬ ተፋሁ፣ ደግሜ ቀመስኩ፣ ደግሜ ተፋሁ። ጨው ነበር።

ትራፊክ ፖሊሱ ከኋላዬ ቆሟል። "ዶክተር፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ምን ሆኖ ነው ይላሉ?"

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ነው የመጣብኝ። ምድጃው፣ ኃላፊው፣ የስንት ዓመት ድካም፣ "ዶክተሩ ሰው ገደለ" የሚል ወሬ። አፌ ውስጥ ጨው እያለ "ጭነት ሳይበዛበት አይቀርም" አልኩት። ፖሊሱ ጻፈው። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ የሠራሁት ነገር ሁሉ ተረስቶ እሷ ብቻ ቆመች።

ገዋኔ ለለቅሶው ስደርስ ቃሌ ቀድሞኝ ድንኳን ገብቷል። ሾፌሮቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው "ዶክተሩ ራሱ አይቶት ጭነት አብዝቶ ነው አለ" ይባባላሉ። "ሰው መቼም አይጠግብ" አለ አንዱ። ሁሴን በየጉዞው ሚዛን ላይ ሳይለካ የማያልፍ ሰው እንደነበር እኔ አውቃለሁ።  ሦስት ቀን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ የቀረበልኝን በላሁ፣ ዱዓ ሲደረግ አሚን አልኩ። በሁለተኛው ቀን ዘይነባ ከሴቶቹ በኩል ወጥታ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ጠራችኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር።

"አይተውታል አሉኝ" አለችኝ። "ምን ሆኖ ነው?"

"ቀደር ነው፣ ዘይነባ" አልኳት። "አላህ የጻፈው ነው።"

"ቀደርስ ቀደር ነው" አለችና፣ ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

ሰመራ እንደተመለስኩ የቀሩትን ጣሳዎች ሰብስቤ ቀበርኳቸው። ሌሎቹን ሁለት ሾፌሮች "የተሻለ መጥቷል" ብዬ ጠርቼ ግራሶአቸውን አስለወጥኩ። በጽሑፍ ስጠየቅም ያንኑ ጭነት ደግሜ ጻፍኩ። ፋጡማ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አይታው ኖሯል።

"ዶክተር፣ ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ" አለችኝ። "ከፈለጉ የኔን ስም ይጻፉ። የሞተ ሰው ላይ ግን አይጻፉ።"

"ልጄ፣ አንቺ የማታውቂው ነገር አለ።"

"የማላውቀው የለም" አለች። በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀች፤ ሎግያ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች ሲሉ ሰማሁ። በመንገድ ስታየኝ ሰላም ትለኛለች፤ አትቆምም።

ከዚያ በኋላ ጥሩ ግራሶ ሠራሁ። ይህንን ስጽፍ ራሱ ያመኛል። ስምንት ጊዜ፣ ዘጠኝ ጊዜ እያጠብኩ፣ እያንዳንዱን ጣሳ እየነከስኩ፣ በመንደር ወፍጮና በውሃ ፓምፕ ላይ ዓመታት ሞከርኩት፤ እንከን አልነበረውም። ወረቀቶቹ ታተሙ። ሱቁ ግን ከውጭ በሚመጣ ግራሶ ተሞልቶ ነበርና ማንም አልፈለገውም። እኔም መኪና ላይ አድርጉት ብዬ ለማንም ደፍሬ አልሰጠሁም። ዛፉም እንደሆነ መሬቱን እየወረሰ ነው። አንድ ቀን ክፍሉ ተዘጋ ተባልኩ፤ ለመከራከር እንኳ አፌ አልከፈት አለ።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ገዋኔ ሄድኩ።  ሥራዬን የማጣ መስሎኝ ዝም ካልኩ፣ ሥራው ሲያልቅ ሰበቡም አለቀ ማለት ነው። ሻይ ቤቱ እዚያው ነው፤ ቆርቆሮው ተለውጧል። ዘይነባ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ሻሿ ሥር ያለው ጸጉር ሸብቷል። ትንሽ አየችኝና እጇን አደራረቀች።

"ሰይድ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ይቀመጡ።"

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ውሃውን፣ ጾሙን፣ ጥበቃውን ለመጥራት ማፈሬን፣ አዳይቱ መንገድ ላይ ተንበርክኬ የቀመስኩትን፣ ለፖሊሱ ያልኩትን። አላቋረጠችኝም። አንዱን ጠረጴዛ እየደጋገመች ትወለውላለች።

"ጭነት እንዳላበዛ አውቃለሁ" አለች ስጨርስ። "የሚዛኑን ወረቀት ከኪሱ አግኝቼዋለሁ። ግን ዶክተር ካለ የኔን ወረቀት ማን ያያል? ልጄን ትምህርት ቤት 'የስግብግቡ ልጅ' ይሉት ነበር። ሲጎረምስ ትቶኝ ሄደ፤ አሁን ሳዑዲ ነው፤ ነው ይላሉ።" ጨርቁን አስቀመጠች። "ለኔ ምን ይነግሩኛል? ለነሱ ይንገሩ።"

ዳሱ ሥር ሰባት ስምንት ሾፌሮች ተቀምጠው ኳስ ያያሉ። ዘይነባ ሄዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። "ስሙኝ ጀማው፣ እኚህ ሰው የሚሉት አላቸው" አለች። ተቆጥተው ዞሩ፤ ሽማግሌ ሲያዩ ግን ዝም አሉ። ቆምኩ። 

"ሁሴን ይማም የሚባል ሾፌር ነበር" አልኩ። "አዳይቱ ጋ ሞተ። ጭነት አብዝቶ ነው ተባለ። አላበዛም። የገደለው እኔ የሠራሁት ግራሶ ነው። ጭነት ነው ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።"

 አንደኛው ጉንጩ ላይ ያለውን ጫት አስተካከለ።

"ሁሴን የቱ?" አለ።

"ቀዩ ሁሴን ነዋ" አለ ሌላው።

"ኧረ ቀዩ ሁሴን ደህና ነው፤ ትላንት ሚሌ አግኝቼዋለሁ።"

"በፊት ነው" አልኩ። "ብዙ ዓመት ሆኖታል።"

"አላህ ይርሀመው" አለ ከሁሉም ትልቁ፤ እሱም ከአርባ አይበልጥም። ወንበር ገፋ አደረገልኝ። "አባቴ፣ ይቀመጡ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። ግን ይንገሩን እስቲ፣ ለዚህ መንገድ የትኛው ግራሶ ይሻላል?"

ነገርኩት። ምን ላድርግ፣ ከአፌ ወጣ። አመሰገነኝና ቴሌቪዥኑን ከፈቱት።

ዘይነባ ቆማ እያየች ነበር። ወደ እሷ ስመለስ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ቁጣም፣ እፎይታም።

"አፉ በዪኝ" አልኳት። "ይቅር በዪኝ፣ ዘይነባ።"

 ብርጭቆ አንስታ አስቀመጠች።

"ያኔ፣ ለቅሶው ላይ፣ እርስዎ መሆንዎን አውቄ ነበር" አለች። "ሁሴን ከሚሌ ደውሎ ጎማው ጋለብኝ ብሎኛል። ለሰይዶ እንዳትነግሪው፣ በስልክ ከሚደነግጥ ስመለስ በአካል አሳየዋለሁ አለኝ። ሦስቱን ቀን በሸራው ማዶ ሆኜ ድምፅዎን እየሰማሁ ጠበቅኩዎት። ወጥቼም ጠየቅኩዎት። ወላሂ ይቅር ልልዎት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረዎት።"

"አሁንስ?"

"አሁን የለኝም" አለች። "ቢኖረኝ እሰጥዎት ነበር።"

የሎግያው ሚኒባስ መንገዱ ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ። "ይሂዱ፣ ያመልጥዎታል" አለችኝና ወደ ብርጭቆዎቿ ዞረች። ሄድኩ።